ሽቦና እሳት፦ ከጠገራ ብር እስከ አብነት

ከመርካቶ ጋር ተያይዞ በሚጠራው የአብነት ሠፈር የሚያልፍ መንገደኛ ሁለት ዓይነት ሽቦ በአንድ ጊዜ ሊያይ ይችላል። አንደኛው ከራሱ በላይ ነው፤ ይኸውም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር በ750 ቮልት ኃይል እንዲያደርስ ከምሰሶ ምሰሶ ተወጥሮ የተዘረጋው የመዳብ ሽቦ ነው። ሁለተኛው ከእግሩ አጠገብ፣ በግንባታ ዕቃ መሸጫዎች ደጃፍ እየተጠቀለለ የሚደረደረው ጥቁር ሽቦ ነው። የመጀመሪያው ጠንካራ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ከላላ ባቡሩ ኃይል የሚቀበልበት መንገድ ይበላሻል። ሁለተኛው ለስላሳ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ከጠነከረ ፌራዮው ፌሮውን ሊያስርበት በፒንሳ ሲጠመዝዘው ይፈነጠራል ወይም ይሰበራል። ሁለቱም ግን ሲሠሩ የተጓዙት መንገድ እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ሳይሞቁ፣ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እየተጎተቱ ቀጥነዋል። የለያያቸው እሳት ነው፤ አንዱን በመጨረሻ እሳት ነክቶታል፣ ሌላውን አልነካውም።

ይህ በእሳትና በሽቦ መካከል ያለው ጉዳይ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከባቡሩም ከጥቁሩ ሽቦም አስቀድሞ የብር አንጥረኛው ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። በአገሪቱ ለብዙ ዘመን የአንጥረኛው ጥሬ ዕቃ የነበረው፣ ሕዝቡ ጠገራ ብር እያለ የሚጠራው የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ እንኳ ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መታተሙ አልተቋረጠም፤ በኢትዮጵያም እስከ 1937 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ድረስ በገበያ ላይ ነበር። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1,000 እጁ 833ቱ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ይህ የመዳብ ድርሻ ለአንጥረኛው ትርጉም አለው፤ ንጹሕ ብር ለጌጥ ከመጠን በላይ ለስላሳ ነው፣ መዳብ የተቀላቀለበት ግን ሲቀጠቀጥና ሲሳብ በቶሎ ይደነድናል።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጠገራው በወናፍ በተራገበ ከሰል ላይ ይቀልጣል፤ በቦይ መልክ በተዘጋጀ ማፍሰሻ ይፈሳል፤ የረጋው ዘንግ በመስፍ ላይ እየተቀጠቀጠ ይረዝማል። ከዚያም የጫፉ ጠርዝ ሾሎ፣ ከሰፊ እስከ ጠባብ በተደረደሩ ቀዳዳዎች በተበሳ የአረብ ብረት ሳንቃ ውስጥ አንድ በአንድ እየገባ ይሳባል። ዘንጉ ጥቂት ቀዳዳዎችን ካለፈ በኋላ ግን እምቢ ይላል። ይከረክራል፤ ጫፉ ይበጠሳል፤ ወይም ላይ ላዩ ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ አንጥረኛው በጉልበት አይታገለውም። ሽቦውን ጠቅልሎ ወደ ከሰሉ ይመልሰዋል፤ ደብዛዛ ቀይ እስኪመስል አሙቆ ያወጣዋል። ሽቦው ሲበርድ እንደ ገና ታዛዥ ይሆናል፤ መሳቡም ይቀጥላል። የአንገት መስቀሉን፣ የጆሮ ጉትቻውንና ድሪውን የሚያስጌጠው ፀጉር የመሰለ የብር ሽቦ የሚገኘው በዚህ መጎተትና ማሞቅ መፈራረቅ ነው።

የአንጥረኛ ቤት ብዙ ጊዜ ጨለም ያለ መሆኑን ያዩ ሰዎች ድህነት ወይም ምሥጢር አድርገው ተርጉመውት ይሆናል። ለጨለማው ግን በቂ የሙያ ምክንያት አለ። ብር መቅላት ሲጀምር የሚታየው ቀለም ከ550 እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለውን ሙቀት ያመለክታል፤ በፀሐይ ብርሃን ደግሞ ይህ ቀለም ፈጽሞ አይታይም። በደጅ የሚሠራ ሰው ቀይ መሆኑን ሲያይ ሙቀቱ ከሚፈለገው አልፏል። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ሲሆን የብርና የመዳብ ቅልቅል ግን በ779 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ከጠገራ የተሠራ ቀጭን ሽቦ በሚለዝብበትና በሚጠፋበት ሙቀት መካከል ያለው ርቀት ከ150 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። ያለ ሙቀት መለኪያ፣ በዓይን ብቻ፣ በዚህ ጠባብ ድንበር ውስጥ ለትውልዶች ሲሠራ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ላይ ለተመልካች ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር ይጨመራል። ቀጥቃጩ ማጭድ ወይም ቢላዋ ሲሠራ ስለቱን አግሎ በውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ብረቱም ይጠነክራል። የብር አንጥረኛውም ያጋለውን ሽቦ በውሃ ይነክራል፤ ሽቦው ግን ይለሰልሳል። አንዱ ውሃ ለሁለት ጎረቤታሞች ተቃራኒ ውጤት ይሰጣል። በካርቦን የበለጸገ ብረት በፍጥነት ሲበርድ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ በውስጡ ይታሠራል፤ ይህም ብረቱን ያደነድነዋል። በብርና በመዳብ ቅልቅል ግን የሚያደነድነው ዝግታው ነው። ቀስ ብሎ ሲበርድ መዳቡ ከብሩ ተለይቶ በደቃቅ ቅንጣቶች ይረጋል፣ እነርሱም ሽቦውን ያከርሩታል፤ በውሃ ሲነከር ይህ መለያየት ጊዜ ያጣል። አንጥረኛው ይህን የውስጥ ነገር አላየውም፤ ውጤቱን ግን አልሳተም።

እንዲህ ያለው ዕውቀት በጽሑፍ ሳይሰፍር የቀረበት ምክንያት ከሙያተኛው የኑሮ ደረጃ ተለይቶ አይታይም። ብረት የሚቀጠቅጠውና ብር የሚያነጥረው ሰው ከሌላው ኅብረተሰብ ተነጥሎ፣ ቡዳ እየተባለ ይኖር ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ስፋት ያሳያል። ስም የሚያጎድፍ ሙያ ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ በእጅና በዓይን ይተላለፋል እንጂ ብራና ላይ አይወጣም።

በአውሮፓም ቢሆን ሥራው ከምክንያቱ በእጅጉ የቀደመ ነበር። የሽቦ መሳቢያው ሳንቃ በመካከለኛው ዘመን በሰፊው የታወቀ ሲሆን ሽቦው ሲሳብ ለምን እንደሚደነድን ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አጥጋቢ መልስ አልተገኘም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የብረትን ገጽ አለስልሶና በአሲድ ነክቶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ከጀመረ በኋላ ነገሩ መገለጥ ያዘ። ብረታ ብረት ጠጣር አንድ ወጥ አካል መስሎ ቢታይም ከብዙ ደቃቅ ክሪስታሎች የተገጣጠመ ነው። ሲሳብ እነዚህ ክሪስታሎች በሳቢው አቅጣጫ ይዘረጋሉ፤ በበቂ ሲሞቅ ደግሞ የተዘረጉት ጠፍተው በምትካቸው አዳዲስ፣ በሁሉም ወገን የተመጣጠኑ ክሪስታሎች ይወለዳሉ። ሶርቢ ይህን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ገልጾታል።

የመደንደኑ ምሥጢር ግን ከዚያም የጠለቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ፣ ሦስቱም በየፊናቸው፣ በአንድ ዓመት አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በክሪስታል ውስጥ አተሞች በረድፍ ተሰልፈዋል፤ ነገር ግን ረድፉ በየቦታው የተዛነፈ ነው። ብረት ሲታጠፍ ወይም ሲሳብ ረድፍ በረድፍ ላይ በአንድ ጊዜ ተንሸራትቶ አይደለም የሚለወጠው፤ ዝንፈቱ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየተጓዘ ነው። ሰፊ ምንጣፍ በአንድ ጊዜ ጎትቶ ማንቀሳቀስ ይከብዳል፤ በአንድ ጫፍ እጥፋት አበጅቶ እጥፋቱን እየገፉ ማድረስ ግን ልጅም ይችለዋል። ዝንፈት ማለት ይህ እጥፋት ነው።

እንግዲህ በተረጋጋና በለዘበ ብረት ውስጥ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ከአንድ ሚሊዮን እስከ መቶ ሚሊዮን የሚደርሱ ዝንፈቶች ይገኛሉ። በብርቱ ከተሳበ በኋላ ቁጥራቸው ወደ አንድ ትሪሊዮን ሊያድግ ይችላል። ይህን ለመረዳት በምናለሽ ተራ መተላለፊያ የሸክም ሠራተኞችን መመልከት ይበቃል። በማለዳ ጥቂት ሆነው ሲያልፉ ማንም ማንንም አያግድም። ቀኑ ሲገፋና መተላለፊያው በሸክም ሲሞላ ግን አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል፤ ሁሉም ቆሞ ይቀራል። ዝንፈቶችም ሲበዙ እርስ በርሳቸው ይቆላለፋሉ፤ አይንቀሳቀሱም። ዝንፈት ካልተንቀሳቀሰ ሽቦው አይታጠፍም፤ ጠነከረ የሚባለውም ለዚህ ነው። ከዚህም አልፎ በጉልበት ከተጎተተ መፈናፈኛ ስለሌለው ይበጠሳል።

ሙቀቱ የሚሠራው ሥራ በደረጃ ነው። መጠነኛ ሙቀት ሲያገኝ ዝንፈቶቹ በጥቂቱ ይደላደላሉ፣ በሽቦው ውስጥ የታመቀው ውጥረት ይቀንሳል፤ ጥንካሬው ግን ብዙም አይነካም። እንዲያውም የጥቅልል ምላስ፣ ማለትም ሞላ፣ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሽቦውን ከጠቀለሉ በኋላ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ የሚያሞቁት ይህን ለማግኘት ነው፤ ሞላው ቅርጹን ይዞ የመቆየት ኃይሉ ይጨምራል። ሙቀቱ ከፍ ሲል አዳዲሶቹ ክሪስታሎች ይወለዱና የተቆላለፈውን ሁሉ ይጠርጉታል፤ ጥንካሬው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ መታጠፍ መቻሉ ይመለሳል። እሳቱ ከዚህም ከቀጠለ ክሪስታሎቹ አንዱ አንዱን እየዋጠ ይተልቃሉ፤ ሽቦው ሲታጠፍ ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል፤ ሥራውም ይበላሻል። ይህ ሁሉ የሚጀምርበት ሙቀት ለየብረቱ የተለያየ ነው። በብርቱ የተሳበ ንጹሕ መዳብ በ200 ዲግሪ አካባቢ ይለዝባል፤ ለስላሳ ብረት ከ450 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ እርሳስ ደግሞ በክፍል ሙቀት ራሱን በራሱ ስለሚያድስ ምንም ያህል ቢቀጠቀጥ አይደነድንም። ብዙ ያልተሳበ ሽቦ በብርቱ ከተሳበው ይልቅ የበለጠ ሙቀት የሚጠይቅ መሆኑም ለጀማሪ የሚያስገርም ነገር ነው።

መለዘብ ሁልጊዜ በጎ እንዳልሆነ ዓለም የተማረው በስልክ ሽቦ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን የታሪኩን መነሻ የሚቆጥረው በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ከተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። በዚያ ዘመን በየትኛውም አገር ረጅም መስመር የሚዘረጋ ሰው አንድ ምርጫ ይገጥመው ነበር። የብረት ሽቦ ጠንካራ ነው፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ግን ከመዳብ አንድ ስድስተኛ ገደማ ብቻ ነው። መዳብ በደንብ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን በጊዜው ልማድ ለዝቦ ይቀርብ ስለነበር ከምሰሶ ምሰሶ ሲወጠር በገዛ ክብደቱ እየተሳበ ይረግባል። ቶማስ ዱሊትል የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1877 ያደረገው፣ ሲነገር ቀላል የሆነ ነገር ነው፤ መዳቡን ከሳበ በኋላ ወደ እሳት አልመለሰውም። በዚህ ብቻ የሽቦው ጥንካሬ ወደ እጥፍ ገደማ ሲያድግ ከማስተላለፍ ችሎታው የጎደለው ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በቦስተንና በኒው ዮርክ መካከል የተዘረጋው የስልክ መስመር በዚህ ባልለዘበ መዳብ ተሠራ።

የአረብ ብረት ሽቦ ታሪክ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በበርሚንግሃም የሽቦ ሠሪ የነበረው ጄምስ ሆርስፎል እ.ኤ.አ. በ1854 ባወጣው የባለቤትነት መብት፣ ሽቦው በመሳቡ መካከል በጥንቃቄ ጋይቶና በርዶ እንደ ገና የሚሳብበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ዘዴው በኋላ ሲሻሻል ከ900 ዲግሪ በላይ የጋለው ሽቦ በቀለጠ እርሳስ መታጠቢያ ውስጥ፣ 500 ዲግሪ በሚያህል ሙቀት፣ እንዲበርድ ሆነ። እሳቱ እዚህ ላይ የሚፈለገው ለማለዘብ ብቻ አይደለም፤ በብረቱ ውስጥ ብረትና የብረት ካርባይድ እንደ ቀጫጭን ቅጠል እየተፈራረቁ እንዲደራረቡ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መሳብ ቅጠሎቹን እያቀራረበ ከሁሉ የጠነከረውን ሽቦ ያስገኛል። እ.ኤ.አ. በ1866 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ የተጠቀለለበት መከላከያ ሽቦ በዚህ ዓይነት የተሠራ ነበር። ዛሬም በመኪና ጎማ ጠርዝ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ የዚሁ ዘር ነው፤ ጥንካሬው በካሬ ሚሊ ሜትር ወደ 2,000 ኒውተን ይደርሳል።

ይህ ጎማ አገልግሎቱን ሲጨርስ ጉዳዩ ወደ መርካቶ ይመለሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ከተመሠረተ ወዲህ ያረጀ ብረት ሁለተኛ ሕይወት የሚያገኝበት ዋናው ቦታ ይህ ገበያ ነው። ጣሊያን ከሄደ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ እየተባለ የሚሠራው በእርሱ ቃል ነው። ምናለሽ ተራ በተለይ የተጣለውን እየቀጠቀጠ ጥቅም ላይ በማዋል ታውቋል። አሮጌ ጎማ ጎማው ጫማ ይሆናል፤ ሽቦው ደግሞ ይወጣል። ጎማው ተቆርጦ ከወጣ ሽቦው እንዳለ ነው፤ ከርሮ፣ እንደ ሞላ እየፈናጠረ። ጎማው ተቃጥሎ ከወጣ ግን እሳቱ በቀላሉ ከ600 ዲግሪ ስለሚያልፍ ያ በእርሳስ መታጠቢያና በብዙ ቀዳዳዎች የተደከመበት አሠራር ይፈርሳል። የካርባይዱ ቅጠሎች ወደ ድቡልቡል ቅንጣት ይሰበሰባሉ፤ ጥንካሬው ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ለማሰሪያ የሚፈልገው ሰው ይህን ይወድደው ይሆናል፤ በእጅ ይታጠፋልና። ሸክም ሊያንጠለጥልበት ወይም ሞላ ሊያደርገው ለሚያስብ ግን አደጋ ነው። አደጋውን የሚያከብደው ደግሞ ውፍረቱም፣ ክብደቱም፣ ከተወለወለ በኋላ መልኩም ያው መሆኑ ነው።

ከኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ላስቲኩን በእሳት አቃጥሎ መዳቡን ማውጣትም እንዲሁ ነው። መዳቡ ለዝቦ ይወጣል፤ ለማቅለጥ ከሆነ ምንም አይጎዳውም። የሚጎዳው አቃጣዩ ነው፤ የዚህ ላስቲክ ጭስ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ትነትና ሌላም መርዝ ይዟል። ነጩን፣ ማለትም በዚንክ የተለበጠውን ሽቦ በእሳት ማለዘብም አይመከርም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ሽቦው ገና ሳይለዝብ ልባሱ ይንጠባጠባል፤ እሳቱ ሲበረታ የሚወጣው ነጭ ጭስ ለሚተነፍሰው ሰው በዚያው ዕለት ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣበታል።

የጥቁሩ ሽቦ ጥቁረት የሚመጣውም ከዚሁ ከእሳት ነው። ፋብሪካው የሚነሣው 5.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው በሙቀት ከተዳመጠ ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ 1 ሜትሩ 21 ሜትር ይሆናል፤ ከአካሉ ስፋት 95 በመቶው ተጨምቋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሽቦው እጅግ ከርሮ ለማሰሪያ አይሆንም። ስለዚህ ጥቅልሉ በሙሉ በምድጃ ውስጥ ገብቶ ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ለሰዓታት ይቆይና ቀስ ብሎ ይበርዳል። አየር ያገኘው ገጹ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ያወጣል፤ ስሙንም ከዚያ አግኝቷል። በአዲስ አበባ በሚነሣ ሕንፃ ሁሉ ፌሮው ኮንክሪት እስኪፈስበት ድረስ በቦታው የሚይዘው ይህ ለስላሳ ሽቦ ነው። ሕንፃውን አይሸከምም፤ የሚሸከመውን ግን ከቦታው እንዳይንሸራተት ይጠብቃል። ባልተስተካከለ ሙቀት የለዘበ ጥቅልል ከሆነ ውጪው ለስላሳ፣ መሃሉ ከራራ ሆኖ ይገኛል፤ ፌራዮው ይህን የሚያውቀው ጥቅልሉን አጋምሶ ሽቦው እየተሰበረበት ሲመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ከሁለት ቋጠሮ አንዱን እየዘለለ ማሰር ሲጀምር የሚመጣው ጉዳት በሽቦው ዋጋ አይለካም።

ከላይ የተዘረጋው ሽቦ ችግር የዚህ ግልባጭ ነው። በከተማ ባቡር መስመሮች በተለምዶ የሚሠራበት የመዳብ ሽቦ ከ100 እስከ 120 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ስፋት ሲኖረው የሚወጠረው አንድ ቶን በሚያህል ኃይል ነው። ይህን ውጥረት የሚችለው በመሳብ ባገኘው ጥንካሬ ብቻ ነው። ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ባቡር ቆሞ ኃይል ሲስብ ሽቦውና መቀበያው የሚነካኩበት ነጥብ ከሌላው ይበልጥ ይግላል። መዳብ ደግሞ በ200 ዲግሪ በአንድ ሰዓት የሚለዝበውን ያህል በዝቅተኛ ሙቀትም በብዙ ጊዜ ይለዝባል። የአውሮፓ ደረጃዎች ለንጹሕ መዳብ 80 ዲግሪን የዘወትር ጣሪያ ያደረጉት ስለዚህ ነው። ይህን ጣሪያ ከፍ ለማድረግ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ የጠገራ ብር አንጥረኛውን ሥራ ገልብጦ የያዘ ይመስላል፤ እርሱ ብሩን በመዳብ ሲያጠነክር እዚህ ላይ በመዳቡ ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብር ይጨመራል። ያቺ ጥቂት ብር የአዳዲሶቹን ክሪስታሎች መወለድ ታዘገያለች፤ የመለዘቢያው ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ግን እምብዛም አይጎድልም።

የሽቦን ጠባይ በዓይን መለየት ካልተቻለ በእጅ መለየት ይቻላል፤ ፋብሪካዎችም በየዕለቱ ይህንኑ ያደርጋሉ። ሽቦውን በሞርሳ ነክሶ፣ ግራና ቀኝ በእኩል ማዕዘን እያጠፉ እስኪሰበር መቁጠር አንደኛው መንገድ ነው። ከአንድ ጥቅልል ውጪና መሃል የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ቁጥራቸው ከተራራቀ ማለዘቡ እኩል አልነበረም። ሁለተኛው መንገድ ሽቦውን በራሱ ውፍረት ዙሪያ ስምንት ጊዜ ያህል አጥብቆ መጠምጠምና መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ማየት ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የሚቀልለው ነው፤ አንድ ክንድ ሽቦ በሰፊው አጥፎ መልቀቅ። የለዘበው እንደታጠፈ ይቀራል፤ የከረረው ወደ ነበረበት ይዘልላል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ሞርሳና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሁለቱም ከአብነት እስከ ምናለሽ ተራ ባሉት ሥራ ቤቶች ይገኛሉ።